ባሕር ጨዋማ የሆነው በወንዝ ከሆነ ጣና ለምን አልሆነም?

የጣናዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ ግን እስካሁን በቅጡ የመለሰልኝ ሰው አላገኘሁም። የምኖረው ጅዳ ነው። ያደግሁት ደግሞ ባሕር ዳር። ትምህርት ቤት የተማርነው፣ ወንዞች ከድንጋይና ከአፈር ጨው እያጠቡ ወደ ባሕር ይወስዳሉ፣ ባሕር ጨዋማ የሆነው በዚህ ነው የሚል ነው። እሺ። ጣና ግን ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል። ስንት ሺህ ዘመን ገብተውበታል፤ ጨው ጨው ግን አይልም። እዚህ ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባም። ጨዋማነቱ ግን ከብዙ ባሕሮች ይበልጣል። ታዲያ የወንዙ ነገር እንዴት ነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ድንጋይ አንባቢ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂኦሎጂ አስተምራለሁና ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ትምህርት ቤት የነገሩሽ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው።

መጀመሪያ ዝናቡን እንይ። ዝናብ ሲወርድ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወርድ በጣም ደካማ አሲድ ነው። የጎጃምንና የጎንደርን ጥቁር ድንጋይ ቀስ እያለ ይበላዋል። ከድንጋዩ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌላም ሌላም እየሟሟ ይወጣል። ስለዚህ ጨው የለውም የምንለው የወንዝ ውኃ ሁሉ ጨው አለበት። በዓለም ወንዞች አማካይ በሊትር 0.1 ግራም ገደማ ነው፤ ምላስ አይለየውም። የባሕር ውኃ ደግሞ በሊትር 35 ግራም ያህል አለው። አንድ ሊትር ውኃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው እንደ መጨመር ነው።

ጣና ከባሕር የሚለየው መውጫ ስላለው ነው። ጨዉ ይገባል፣ ጥቂት ዓመት ይቆያል፣ በአባይ ተያይዞ ይወጣል። ባሕር ግን የመጨረሻው ማረፊያ ነው። ከዚያ በታች የሚፈስበት ቦታ የለም። ውኃው የሚወጣው በትነት ብቻ ነው፤ ሲተን ደግሞ ጨዉን ትቶ ነው የሚሄደው። እሳት ላይ የቆየ ወጥ ውኃው ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ነው። የተነነው ውኃ ደመና ሆኖ ተመልሶ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ እንደገና ድንጋይ ያሟሟል፣ እንደገና ይወርዳል። በዚህ ዑደት ወንዞች በየዓመቱ 4 ቢሊዮን ቶን ገደማ የሟሟ ነገር ወደ ባሕር እንደሚያደርሱ ይገመታል።

የቀይ ባሕሩን ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ እሱ ለብቻው ነው።

የሰርዶ ልጅ፦
የጣናን ተቃራኒ ማየት የፈለገ አዋሽን ይይ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ሐይቁ መውጫ የለውም። አሳይታ ላይ በአዋሽ ውኃ እርሻ ይለማል። አቤ ላይ ግን ያው ውኃ ለመጠጥ አይሆንም፤ ዳርቻው ነጭ ነው። ወንዙ አንድ፣ ውኃው አንድ። ልዩነቱ እዚያ ደርሶ መቆሙና መትነኑ ነው።

የጣናዋ ልጅ፦
አሁን ገባኝ! ተመሳሳይ ወንዝ፣ መውጫ ያለውና መውጫ የሌለው። የሰርዶ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ምሳሌ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ሞጋች፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ሁሉ እንደ ባሕር የሚሆን ከሆነ ሻላና አቢጃታ ለምን የባሕር ጨው የላቸውም? እኔ ሻላ ዳር ሄጃለሁ። ውኃው በእጅ ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። አቢጃታ ላይ የተተከለውም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ነው እንጂ የገበታ ጨው አይደለም። ዝናቡ ያው ዝናብ፣ ድንጋዩ ያው ድንጋይ። ታዲያ ባሕሩ የወጥ ጨው፣ ሐይቁ ሶዳ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

ድንጋይ አንባቢ፦
ሞጋች፣ ይህ የጉዳዩ ልብ ነው። ብዙ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ሳያነሳ ነው የሚያልፈው። ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የወንዝ ውኃና የባሕር ውኃ የያዙት ጨው አንድ ዓይነት አይደለም። ወንዝ ውስጥ ከሟሟው ነገር ግማሽ ያህሉ ባይካርቦኔት ነው፤ ካልሲየምም ብዙ አለው። ባሕር ውስጥ ግን ከ100 ግራም ጨው 55ቱ ክሎራይድ፣ 30ው ሶዲየም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የገበታ ጨው ይሆናሉ። ስለዚህ ባሕር ዝም ብሎ የተጠራቀመ የወንዝ ውኃ አይደለም። ሁለት ነገር ተጨምሮበታል፤ አንዱ መቀነስ፣ ሌላው መጨመር ነው።

መቀነሱ በሕይወት ነው። ባሕር ውስጥ ያሉ ዛጎል ለባሾች፣ ኮራልና በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ካልሲየሙንና ባይካርቦኔቱን እየለቀሙ ቅርፊትና አጽም ይሠሩበታል። ሲሞቱ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ይደራረባሉ፣ በሚሊዮን ዓመታት የኖራ ድንጋይ ይሆናሉ። በሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ፣ የሙገሩም የመቀሌውም፣ በዚህ መንገድ ከባሕር የወጣ ነው። ሲሊካውንም እንዲሁ ሌሎች ፍጥረታት ይወስዱታል። ሶዲየምንና ክሎራይድን ግን ለቅርፊት የሚፈልጋቸው የለም። ስለዚህ ይቆያሉ። አንድ የካልሲየም ቅንጣት ባሕር ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ትቆያለች። ሶዲየም አሥር ሚሊዮኖችን ይቆጥራል። ክሎራይድ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ባሕር ውስጥ ብዙ ሆኖ የምናገኘው በብዛት የገባውን ሳይሆን የማይወጣውን ነው።

መጨመሩ ደግሞ ክሎሪኑ ነው። ድንጋያችን ውስጥ ያለው ክሎሪን በጣም ጥቂት ስለሆነ የባሕሩን ያህል በማጠብ ብቻ አይገኝም። አብዛኛው የመጣው ከምድር ውስጥ በእሳተ ገሞራ ነው። እሳተ ገሞራ እንፋሎትና ሰልፈር ብቻ አይደለም የሚተፋው፤ ክሎሪን ያለበት ጋዝም ይተፋል። ኤርታ አሌም ይህን ጋዝ ያወጣል። ምድር ገና ወጣት ሳለች ይህ ጋዝ በብዛት ወጥቶ ውኃው ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

ሻላና አቢጃታ ይህ ክሎሪን በብዛት የላቸውም። የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ውኃው ሲተን ያለችው ካልሲየም ቀድማ ኖራ ሆና ትወርዳለች። የሚቀረው ሶዲየምና ካርቦኔት ነው፤ ሶዳ ማለት ይኸው ነው። በእጅህ የተሰማህ ማሟለጭም የሶዳው ነው።

ሞጋች፦
ተቀበልኩ። "የማይወጣውን ነው" ያሉት ነገር አስገርሞኛል። ዝዋይስ?

ድንጋይ አንባቢ፦
ዝዋይ መውጫ አለው። በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ራሱ ሳይጨምር ለጎረቤቱ ያሳልፋል። አቢጃታ ደግሞ የሚገባለት ውኃ ለመስኖና ለሌላም ከላይ ስለሚወሰድ እየሸሸ ነው። ውኃው ሲያንስ ጨዉና ሶዳው እየበረታ ሄዶ ዓሣው ጠፋ። ዓሣውን ይበሉ የነበሩት፣ ሻላ ደሴት ላይ የሚራቡት ይብራዎችም ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዱ። ስለ ጨው ስናወራ ይህንም ማንሳት ያለብን ይመስለኛል። በቅርብ የሚጎዳን ጨው የውቅያኖሱ አይደለም፤ የእነዚህ ሐይቆች ነው።

ወደብ ናፋቂ፦
እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ከባሕር በታች የጨው ተራራ አለ፣ ውኃው እሱን እያሟሟ ነው ጨዋማ የሆነው ይላሉ። አባቴ ምጽዋ ሲሠሩ ከመርከበኞች የሰሙት ነው። ይህስ ውሸት ነው?

ድንጋይ አንባቢ፦
ወንድሜ፣ አባትህ የሰሙት ከእውነት የራቀ አይደለም። ቀይ ባሕር ወለል ሥር በእርግጥ የጨው ድንጋይ አለ፤ ውፍረቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ከጅዳ አቅጣጫ ወደ መሃል ሲኬድ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ፣ ከተራው የባሕር ውኃ ሰባት እጥፍ የሚበልጥ ጨው ያለበት ትኩስ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በምርምር መርከቦች ነው የታወቀው። ከክብደቱ የተነሳ ከላይኛው ውኃ ጋር አይቀላቀልም። ያ ውኃ ጨዉን ያገኘው በእርግጥ ከሥሩ ካለው የጨው ድንጋይ ነው።

ግን ያ የጨው ድንጋይ ራሱ ከየት መጣ? ከባሕር ነው። ቀይ ባሕር ገና ሲከፈት፣ ውኃ እየገባበት እየተነነ በነበረ ጊዜ የቀረ ጨው ነው። ስለዚህ ባሕሩ ጨውን ወለደ እንጂ ጨዉ ባሕሩን አልወለደም። ይህን ለማየት ደግሞ መጥለቅ አያስፈልግም፤ አፋር መሄድ ይበቃል። የሰርዶ ልጅ፣ አሳሌን ብታነሳልን?

የሰርዶ ልጅ፦
በደስታ። አሳሌና ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ናቸው። የጨው ሜዳው ዓይን እስከሚደርስ ነጭ ነው። በክረምት ከትግራይ ደጋ ጎርፍ ይወርድና ሜዳው ላይ ይተኛል። ላዩን ያሟሟዋል። ፀሐይ ሲያደርቀው አዲስ ንጹሕ ጨው ይተካል። ስለዚህ ዛሬ የቆረጡት ቦታ ላይ ሌላ ጊዜ ተመልሰው ይቆርጣሉ። አንዱ በረዥም እንጨት ከመሬቱ ይፈነቅላል፣ ሌላው በመጥረቢያ ይጠርባል። ከዚያ በግመል ወደ በርሃሌ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ። አሁን መኪናም ይገባል፤ ግመሉ ግን ጨርሶ አልቀረም። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚህ የወጣ ነው። ሙቀቱ የሚነገር አይደለም። ያንን ጨው የሚቆርጡ ሰዎች ሥራ በደንብ ሊታወቅላቸው ይገባል።

ሜዳው ዳር ዳር ላይ ደግሞ የደረቀ ኮራል ድንጋይ አለ። ዛጎል ይገኝበታል። እኛ ልጆች ሆነን ለቅመን እንጫወትበት ነበር። በረሃ መሃል የባሕር ዛጎል!

ድንጋይ አንባቢ፦
የኮራሉ ዕድሜ ተለክቷል። የመጨረሻው 125,000 ዓመት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል ገብቶ አሳሌና ዳሎል ያሉበትን ዝቅተኛ ቦታ፣ ደናክልን፣ ሞልቶት ነበር። ቀጥሎ የባሕሩ ከፍታ ሲወርድና መሬቱ በእሳተ ገሞራና በመነሳት መግቢያውን ሲዘጋው፣ የገባው ውኃ ተነጥሎ ቀረ፣ ተነነ።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውኃ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚተወው ጨው 16 ሜትር ገደማ ውፍረት ብቻ ነው። ደናክል ላይ ግን በቁፋሮ የተገኘው ጨው በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ባሕሩ የገባው አንድ ጊዜ አይደለም። ገብቷል፣ ደርቋል፣ እንደገና ገብቷል። ሲገባና ሲተን በኖረባቸው ዘመናት ሁሉ ጨው እየጨመረ ሄዷል።

አወራረዱም ሥርዓት አለው። የባሕር ውኃ ሲተን መጀመሪያ የሚወርደው ኖራ ነው። ውኃው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ሲቀር ጀሶ ይወርዳል። ከአሥር አንድ እጅ ያህል ሲቀር የገበታ ጨው ይጀምራል። በመጨረሻ፣ ጠብታ ሲቀር፣ ፖታሽ የሚባለው የፖታሲየም ጨውና የማግኒዚየም ጨዎች። ደናክል ይህን ሁሉ ይዟል። ዳር ዳሩ ላይ ጀሶ፣ መሃሉ ላይ የገበታ ጨው፣ ዳሎል ሥር ደግሞ ፖታሽ። ጣሊያኖች ከ100 ዓመት በፊት እዚያ ድረስ የመጡት ለዚሁ ፖታሽ ነው። ፖታሽ መኖሩ ባሕሩ እስከ መጨረሻው ጠብታ መድረቁን ይመሰክራል።

ወደብ ናፋቂ፦
አባቴ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር። አመሰግናለሁ።

ሞጋች፦
ሌላ ልጨምር። ወንዝ በየዓመቱ 4 ቢሊዮን ቶን የሚያስገባ ከሆነ ባሕሩ በየዓመቱ ጨዋማነቱ እየጨመረ መሄድ የለበትም? በዚህ ሒሳብ የባሕርን ዕድሜ ማውጣት ይቻል ነበር።

ድንጋይ አንባቢ፦
ተሞክሯል! እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1715 ልክ ይህን ሐሳብ አቀረበ። የሐይቆችን ጨው ዛሬ እንለካ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግመን እንለካ፣ ከጭማሪው ዕድሜውን እናስላ አለ። በ1899 አየርላንዳዊው ጆን ጆሊ የባሕሩን ሶዲየም በሙሉ ወንዞች በዓመት ለሚያስገቡት አካፈለና 90 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ አገኘ። ዛሬ የምድር ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ይታወቃል። ልዩነቱ ሃምሳ እጥፍ ነው።

ሒሳቡ ትክክል ነበር። የጎደለው ጨውም ከባሕር እንደሚወጣ መቁጠር ነው። በደናክል ያየነው አንዱ መውጫ ነው፤ የታጠረ ባሕር ይደርቅና ጨዉ መሬት ላይ ይቀራል። ሜዲትራኒያን ራሱ ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ከአትላንቲክ ተቆርጦ አብዛኛው ተንኖ ነበር። ዛሬም ወለሉ ሥር ከኪሎ ሜትር በላይ የሚወፍር ጨው አለ። ሌላው መውጫ ከታች ነው። የባሕር ውኃ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል፣ በትኩስ ድንጋይ ይሞቃል፣ እንደ ፍል ውኃ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ጉዞ ማግኒዚየሙን ድንጋዩ ውስጥ ይተዋል፣ ካልሲየምና ብረት ይዞ ይወጣል። ይህን ሰዎች በዓይናቸው ያዩት በ1977 ጋላፓጎስ አካባቢ፣ አልቪን በምትባል ጠላቂ መርከብ ወርደው ነው። ማዕበል የሚረጨው ጨውም በነፋስ ወደ የብስ ይገባል፤ ጭቃው ውስጥ የሚቀበርም አለ።

ስለዚህ የሚገባውና የሚወጣው ሊመጣጠን ተቃርቧል። ጨዋማነቱ በረዥም ዘመን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን ጆሊ እንዳሰበው ከዜሮ ተነስቶ በቀጥታ ሲጨምር አልኖረም።

የጣናዋ ልጅ፦
መምህር፣ የቀይ ባሕርን ነገር አልረሳሁም። ቃል ገብተውልኛል።

ድንጋይ አንባቢ፦
ልክ ነሽ። ቀይ ባሕር ላይ በዓመት 2 ሜትር ገደማ ውኃ ይተናል። ዝናቡ ከቁጥር አይገባም፤ ወንዝም የለም። የጎደለውን የሚሞላው በባብ ኤል መንደብ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚገባ ውኃ ነው። ሲገባ በኪሎ 37 ግራም ገደማ ጨው አለው። ወደ ሰሜን እየተጓዘ እየተነነ ስዊዝ አጠገብ 41 ይደርሳል። ጅዳ መሃል ላይ ናት፤ 39 አካባቢ ይሆናል።

ወንዝ ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም ግራ የገባሽ። ጨዉ ከራሱ ወንዝ አልመጣም፤ ከዓለም ውቅያኖስ ተውሶት ነው። ወንዝ ቢኖረው ኖሮ እንዲያውም ያቀጥነው ነበር። ባልቲክ ባሕርን ተመልከቺ፤ ወንዝ በብዛት ስለሚገባበትና ትነቱ ትንሽ ስለሆነ በኪሎ 7 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ታዲያ ቀይ ባሕር ለምን እንደ አሳሌ አልደረቀም? የከበደው ጨዋማ ውኃ በባብ ኤል መንደብ ወለል ላይ ወደ ውጭ ስለሚፈስ ነው። ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። እንደ ጣናሽ እሱም መውጫ አለው ማለት ነው።

አቡዳቢ ነኝ፦
በባሕር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ ቴክኒሽያን ነኝ፤ የእኔንም ልጨምር። እኛ ባሕረ ሰላጤ አገር ያለን ሰዎች የምንጠጣው አብዛኛው ውኃ ከባሕር የወጣ ነው። ጅዳም እንዲሁ። በእኛ ዘዴ ውኃው በ60 ባር አካባቢ ግፊት በስስ ሜምብሬን ያልፋል፤ ጨዉ ወደ ኋላ ይቀራል። ከ10 ሊትር የሚገኘው ንጹሕ ውኃ 4 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ጨው የበዛበት ውኃ ወደ ባሕር ይመለሳል። የሚገርመው፣ የወጣው ውኃ በጣም ንጹሕ ስለሆነ ቧንቧ ይበላል፤ ጣዕምም የለውም። ስለዚህ መልሰን ካልሲየም እንጨምርበታለን። የወንዝ ውኃ ከድንጋይ የሚያገኘውን እኛ በፋብሪካ እንሰጠዋለን።

ጀልባ ላይ የተቸገረ ሰው የባሕር ውኃ እንዲጠጣ ፈጽሞ አትምከሩ። ኩላሊት እንደዚያ ጨው የበዛበትን ሽንት መሥራት አይችልም። የጠጡትን ጨው ለማስወጣት ከጠጡት በላይ ውኃ ከሰውነት ይወጣል። በየመን በኩል የሚሻገሩ ወገኖቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው።

ነርስ ከደብረ ታቦር፦
እኔ የምጠይቀው የጤና ነው። ብዙ እናቶች "የባሕር ጨው አዮዲን አለው፣ የገበያው ግን አያስፈልግም" ይሉኛል። እውነት ነው?

ድንጋይ አንባቢ፦
አይደለም፤ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ባሕር ውስጥ አዮዲን በሊትር 0.06 ሚሊግራም ገደማ ነው። ያ ሁሉ ጨዉ ውስጥ ቢቀር እንኳ በኪሎ ጨው 2 ሚሊግራም አይሞላም። ግን እሱም አይቀርም፤ ጨዉ ሲወርድ አዮዲኑ በብዛት ከቀሪው ውኃ ጋር ይሄዳል። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአፍዴራም የአሳሌም ጨው ካልተጨመረበት በቂ አዮዲን የለውም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው።

ደጋው ላይ እንቅርት የበዛውም ከዚሁ ከተነጋገርንበት ነገር ጋር ይያያዛል። ዝናቡ ከተራራው ሶዲየምን ብቻ አላጠበም፤ አዮዲኑንም አጥቦ ወስዶታል። አፈሩ ሲያጣው እህሉም ያጣዋል። ስለዚህ እናቶቹን በርቺና ምከሪያቸው። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡት፤ ወጡ ላይም መጨረሻ ላይ ይጨምሩት። እሳትና ፀሐይ አዮዲኑን ያጠፉታል።

ነርስ ከደብረ ታቦር፦
ሰኞ ለነፍሰ ጡር እናቶች ትምህርት አለኝ፤ ይህን እነግራቸዋለሁ። ክፍት ጆንያ ላይ በፀሐይ የሚሸጠውን ጨውስ ምን ልበላቸው?

ድንጋይ አንባቢ፦
የታሸገውንና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ይግዙ በያቸው። ጆንያ ላይ ከርሞ ፀሐይ የመታው ጨው አዮዲን ተጨምሮበት የነበረ ቢሆን እንኳ ብዙው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።